ቁልፉን አዞርን፣ መኪናው ዝም አለ፦ የማስነሻ ስዊች ብልሽትን ቤት ውስጥ እንዴት እንለያለን?

ጠዋት ነው፤ ሥራ ረፍዷል። መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ታዞራላችሁ፤ ዝም። ደግማችሁ ታዞራላችሁ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሞተሩ ይነሳል። «ባትሪው ሊደክም ነው መሰለኝ» ብላችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። በሳምንቱ ያው ነገር ይደገማል።

የአጎቴ መኪና ልክ እንዲህ ነበረች። መጀመሪያ ባትሪ ተቀየረላት። ሁለት ሳምንት ደህና ከረመችና ወደ አመሏ ተመለሰች። ቀጥሎ «ሞተሪኖው ነው» ተባለ፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር ማለቴ ነው) ተቀየረ። ለጥቂት ቀናት ሠራች፤ ከዚያ እንደገና ዝም። አንድ እሁድ ከሰዓት ቴስተር ይዘን ቁጭ ብለን ስንለካ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ከመሪው ሥር ተደብቆ የተቀመጠ፣ በመዳፍ የሚያዝ የፕላስቲክ ስዊች። ተቀይረው የወጡት ባትሪና ሞተሪኖ ምንም አልነበራቸውም።

ያ ሁሉ ገንዘብ በከንቱ የወጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ማንኛውንም ጥገና «የሠራ» ያስመስለዋል። ባትሪ ብትቀይሩም፣ መኪናውን ብታጥቡትም ለተወሰነ ቀን መነሳቱ አይቀርም፤ ድሮም አንዳንዴ ይነሳ ነበራ! ሁለተኛ፣ ስዊቹ ቀደም ሲል ተለክቶ «ደህና ነው» ተብሎ ነበር። ችግሩ የተለካው ሥራ ፈትቶ ሳለ መሆኑ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ የስዊች ጤንነት የሚታወቀው ከረንት ተሸክሞ ሳለ ሲለካ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ አገር አሁን ይበልጥ ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በየግቢያችን የቆሙት አሮጌ መኪኖች እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ስዊቾቻቸው ደግሞ አብረዋቸው ያረጃሉ።

ቁልፉን ስናዞር ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው አንድ ነገር ነው ብሎ የሚያስበው ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው። ይህ እንደ ቤት ቁልፍ ንጹሕ መካኒካል ነገር ሲሆን፣ ሥራው ትክክለኛውን ቁልፍ ለይቶ መዞር መፍቀድ ነው፤ የመሪው መቆለፊያም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ከሲሊንደሩ ጀርባ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ስዊች ነው። ቁልፉ ሲዞር በስዊቹ ውስጥ ያሉ የመዳብ ምላሶች እየተነካኩና እየተለያዩ ከባትሪ የመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ተለያዩ መስመሮች ያከፋፍላሉ።

አብዛኛው ቁልፍ አራት ቦታ አለው። «ሎክ» ላይ ሁሉም ዝግ ነው። «ኤሲሲ» ላይ ሬዲዮና መሰል ዕቃዎች ይሠራሉ። «ኦን» ላይ ዳሽቦርዱ፣ ካንዴላ የሚያቀጣጥለው ኮይል፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና ኤርባጉ ኤሌክትሪክ ያገኛሉ። «ስታርት» ላይ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው ትእዛዝ ይሄዳል። እጃችሁን ስትለቁ ስፕሪንግ ቁልፉን ወደ «ኦን» ይመልሰዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ስታርት» ላይ ሬዲዮው የሚጠፋው ተበላሽቶ አይደለም፤ ኃይሉ ሁሉ ለማስነሳት እንዲውል የኤሲሲው መስመር ሆን ተብሎ ይቋረጣል። የ«ኦን» መስመር ግን «ስታርት» ላይም መቋረጥ የለበትም፤ አለዚያ ሞተሩ እየዞረ ካንዴላው አይለኩስም።

ትንሽ ስዊች ለምን ይቃጠላል?

ሞተሪኖው ሲዞር ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ይህን ሁሉ ከረንት የቁልፍ ስዊቹ አይሸከመውም፤ ቢሸከም ይቀልጣል። ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ በቀጥታ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ከስዊቹ በቀጭን ገመድ የሚሄደው «ክፈት» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ግን ይህ ትእዛዝ ራሱ ሪሌ ስለሌለው እስከ 10 ወይም 15 አምፔር ይደርሳል። በጀማሪ ሪሌ የሚሠሩ መኪኖች ላይ ግን ከአንድ አምፔር በታች ነው።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በስዊቹ ውስጥ ያሉት ምላሶች በጥቀርሻና በዝገት ምክንያት 0.1 ኦም ሬዚስታንስ አመጡ እንበል። በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። 15 አምፔር ሲያልፍበት ግን 15 × 0.1 = 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ወደ ሙቀት የሚቀየረው ኃይል ደግሞ 1.5 × 15 = 22.5 ዋት ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ትንሽ ካውያ ይህንኑ ያህል ነው የሚጠቀመው። ፕላስቲክ ውስጥ ካውያ ለኩሳችሁ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። የሚያድነው ቁልፉን «ስታርት» ላይ የምንይዘው ለሁለትና ሦስት ሴኮንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ሙቀቱ መዳቡን የበለጠ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረው መዳብ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ሙቀቱን ይጨምራል። አዙሪቱ እንዲህ ይቀጥላል። ምላሶቹ በተለያዩ ቁጥር የሚፈነጥቀው ትንሽ ብልጭታም የመዳቡን ፊት እየቦረቦረ ይሄዳል። በዚህ ላይ የሙዚቃ አምፕሊፋየር፣ ተጨማሪ መብራት ወይም አላርም ከስዊቹ ገመድ ላይ ተጠልፎ ከተገጠመ ስዊቹ ላልተሠራበት ሸክም ተዳረገ ማለት ነው።

መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ እዩ

ካቻቢቴ ከመያዛችሁ በፊት መኪናው የሚነግራችሁን አድምጡ።

ዳሽቦርዱ «ኦን» ላይ ጭራሽ አልበራም? የፊት መብራቱን ሞክሩ። በብዙ መኪኖች የፊት መብራት በቁልፍ ስዊቹ በኩል አያልፍም። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ዳሽቦርዱ ከሞተ ተጠርጣሪዎቹ ስዊቹ ወይም ወደ እሱ የሚያመጣው ፊውዝ ናቸው። ሁለቱም ከሞቱ ግን ወደ ባትሪውና ወደ ተርሚናሎቹ ሂዱ።

«ስታርት» ላይ «ጠጠጠጠ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። አንድ ጠንካራ «ጧ!» ብሎ ዝም ካለ ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ወፍራሙ ገመድ ይሄዳል። ምንም ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስዊቹ ሊሆን ይችላል፤ ሪሌው ሊሆን ይችላል፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን የሚያውቀው ስዊች፣ በአንዳንድ ማኑዋል መኪኖች ደግሞ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ስዊች ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ያላችሁ በፒ እምቢ ሲል በኤን ሞክሩ፤ በኤን ከተነሳ ቁልፉን አትውቀሱት።

ሞተሩ ይነሳና ቁልፉን በለቀቃችሁ ቅጽበት ይጠፋል? ይህ የስዊቹ የ«ኦን» ምላስ መበላሸቱን የሚያሳይ በጣም የታወቀ ምልክት ነው። ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነና ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ብልጭ ድርግም ካለ፣ የስርቆት መከላከያው (ኢሞቢላይዘሩ) ቁልፉን አላወቀውም ይሆናል። ሌላ ቁልፍ ካላችሁ ሞክሩ።

ቁልፉ ራሱ አልዞር ካለ ኤሌክትሪኩን ተዉት። መሪውን ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ እያነቃነቃችሁ አዙሩ። ከተቃለለ የመሪው መቆለፊያ ነበር። ካልተቃለለ ሲሊንደሩ ወይም ቁልፉ ተበልቷል።

ቁልፉ ከ«ስታርት» አልመለስ ብሎ ሞተሪኖው መጮኹን ከቀጠለ ግን ቶሎ ወደ «ኦፍ» በእጅ መልሱት፤ ካልቆመ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ያ መኪና ሳይጠገን መነሳት የለበትም።

አሁን እንለካ

የሚያስፈልጋችሁ ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ረዳት ሰውና ትዕግሥት ነው።

በቅድሚያ ጥንቃቄ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ፤ ማርሹ ፒ ወይም ኒውትራል ላይ ይሁን። የመሪውን ሥር ሽፋን ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል እስኪወጣ ነው። ሽፋኑ ከወጣ በኋላ ለመለካት ባትሪውን መልሳችሁ ትሰካላችሁ። እዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ገመድ ካያችሁ እሱ የኤርባግ ነው፤ አትንኩት፣ አትለኩት።

አንድ፣ ባትሪው። መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ ሳለ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለኩ። ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ከዚያ ረዳታችሁ «ስታርት» ሲያደርግ እዩ። ሞተሩ እየዞረ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው። ሞተሩ ሳይዞር ቮልቱ ደግሞ ከ12 ንቅንቅ ካላለ፣ ሞተሪኖው ጭራሽ አልታዘዘም ማለት ነው።

ሁለት፣ ትእዛዙ። ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሪኖው ላይ ከወፍራሙ ገመድ ሌላ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። የቴስተሩን ቀይ በእሱ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ አድርጋችሁ ረዳታችሁ «ስታርት» ያድርግ። እጅና ልብሳችሁን ከፋንና ከቀበቶ አርቁ። እዚህ የሚደርሰው ቮልት ባትሪው በዚያው ቅጽበት ካለው ብዙም ማነስ የለበትም። ሙሉው ደርሶ ሞተሪኖው ዝም ካለ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው። ምንም ካልደረሰ ወይም በጣም ካነሰ ግን መንገዱ ላይ ሌባ አለ።

ሦስት፣ ሌባው። ወደ ስዊቹ ሂዱ። ሶኬቱን አትንቀሉ፤ ከኋላው በኩል በቀጭን መርፌ ንኩት። ቀዩን ከባትሪ በሚመጣው ገመድ፣ ጥቁሩን ወደ ሞተሪኖ በሚሄደው ገመድ ላይ አድርጉ። (የገመዶቹ ቀለም በየመኪናው ስለሚለያይ የመኪናችሁን የኤሌክትሪክ ሥዕል ፈልጉ።) አሁን ቴስተሩ የሚያሳየው በስዊቹ ውስጥ የቀረውን ቮልት ነው። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ 12 ቮልት ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ምላሶቹ ተለያይተዋልና ትክክል ነው። «ስታርት» ላይ ግን ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። እስከ 0.2 ቮልት ቢሆን ጤነኛ ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ስዊቹ ታሟል።

የአጎቴ መኪና ላይ ያገኘነው እንዲህ ነው፦ ባትሪው 12.4 ቮልት፣ ሞተሪኖው ጋ የደረሰው 7.9፣ በስዊቹ ውስጥ የቀረው 4.2። 7.9 ሲደመር 4.2 ይሆናል 12.1፤ የጎደለው 0.3 በገመዱና በሶኬቶቹ ላይ ነው። ሂሳቡ ተዘጋ። የዚህ ዘዴ ውበት ይኸው ነው፤ ቮልት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ መንገድ ላይ ያሉት ቅናሾች ሲደመሩ የባትሪውን ቮልት መስጠት አለባቸው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከባትሪው ጀምራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ የጎደለበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

አራት፣ መነቅነቅ። እየሄደ ለሚጠፋ መኪና «ኦን» ላይ ሆናችሁ ይህንኑ ልኬት በ«ኦን» መስመር ላይ አድርጉና ቁልፉን ሳታዞሩት ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃንቁት። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ተጠርጣሪውን አግኝታችኋል። ከዚያ ቁልፉን ትታችሁ ገመዶቹን ብቻ አነቃንቁ፤ የላላው ሶኬቱ እንጂ ስዊቹ ላይሆን ይችላል።

በኦም መለካት ለምን ያታልላል?

የአጎቴን ስዊች አስቀድሞ ያየው ባለሙያ አውጥቶ በኦም ለክቶት ነበር። ትንሽ ነገር አሳየ፤ «ደህና ነው» ብሎ መለሰው። አልዋሸም። ነገር ግን ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ከረንት እጅግ ትንሽ፣ ከአንድ ሚሊ አምፔር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚያ መጠን አንዲት የመዳብ ጫፍ ከሌላዋ ጋር ብትነካካ በቂ ነው። 15 አምፔር ሲመጣ ግን ያቺ ጫፍ መንገድ ሳይሆን ማነቆ ትሆናለች። በተጨማሪም የርካሽ ቴስተር ገመዶች ራሳቸው ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም አላቸው፤ የምንፈልገው ብልሽት ደግሞ መጠኑ ልክ ያን ያህል ነው። በሜትር ፀጉር እንደመለካት በሉት።

በተቃራኒው ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ ቮልት ብትለኩ የታመመው ስዊችም ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ ምክንያቱም ቴስተሩ ምንም ያህል ከረንት አይስብም። ከረንት ከሌለ ቅናሽ የለም። ድልድይ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ሰው ብቻ ሳይሆን የጭነት መኪና ሲያልፍበት ማየት ነው።

ነገሩ ከማርፈድ በላይ ነው

እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ ሼቭሮሌ ኮባልትና ሳተርን አዮንን ጨምሮ ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን በማስነሻ ስዊች ምክንያት ለጥገና ጠርቷል። እዚያ ችግሩ የተቃጠለ መዳብ ሳይሆን መካኒካል ነበር፦ ቁልፉን በቦታው የሚይዘው በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ ዘንግ ደካማ ስለነበር፣ የቁልፍ መያዣ ክብደት ወይም የጉልበት ንክኪ ቁልፉን ከ«ኦን» ወደ «ኤሲሲ» ሊያዞረው ይችል ነበር። ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ አጋዥ ይደክማል፤ ኤርባጉም ኤሌክትሪክ ስለሌለው አይከፈትም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ ከዚህ ጋር የተያያዙ 124 ሞቶችን ተቀብሏል። በ2015 ደግሞ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ምሥጢሩ ሳይታወቅ የቆየበት አንዱ ምክንያት የተሻሻለው ስዊች የዕቃ ቁጥሩ ሳይቀየር መውጣቱ ነበር፤ አዲሱና አሮጌው በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የተገኘው አንድ መሐንዲስ ከአደጋው መኪና የወጣውን ስዊች አዲስ ከተገዛው ጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር ነው። እዚያም መልሱን የሰጠው ልኬት ነበር።

ስለዚህ እየሄደ የሚጠፋ መኪና «አመል አለው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መንገድ ላይ ቢያጋጥማችሁ ቁልፉን ፈጽሞ ወደ «ሎክ» አታዙሩ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ይከብዳል እንጂ ይዞራል። ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ የቀረው እገዛ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚበቃ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙትና ዳር ውጡ።

ከተገኘ በኋላስ?

በብዙ መኪኖች የኤሌክትሪክ ስዊቹ ከሲሊንደሩ ተለይቶ ይፈታል፤ ያው ቁልፋችሁ ይቀጥላል፣ ሙሉውን ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። ወደ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሶኬቱን እግሮች ቁጥርና አቀማመጥ፣ ከኋላ የሚገባውን ዘንግ ቅርጽ አስተያዩ። ከተገጠመ በኋላ ያንኑ ልኬት ድገሙ፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ብላችሁ አትመኑ። ተጠልፈው የተገጠሙ ዕቃዎች ካሉ በራሳቸው ሪሌና ፊውዝ ይሁኑ። የቁልፍ መያዣውንም አቅልሉት፤ የቤቱን፣ የሱቁንና የቢሮውን ቁልፍ ሁሉ መኪናው ይሸከም ዘንድ ግድ የለም።

አንድ የማልመክረው ነገር አለ፦ ስዊቹን ትቶ ገመዶቹን በቀጥታ በማብሪያ ማገናኘት። ይነሳል፤ ግን ኤርባጉ፣ ፊውዙና የመሪው መቆለፊያ የሚጠብቁት ሥርዓት ይፈርሳል።

አጎቴ ስዊቹ ከተቀየረ በኋላ በስዊቹ ውስጥ የቀረው ቮልት 0.1 መሆኑን በዓይኑ አየ። የወጣውን አሮጌ ሞተሪኖ ግን እስካሁን መጋዘን ውስጥ አስቀምጦታል። ለምን እንደማይሸጠው ስጠይቀው «ሌላ ጊዜ ሳልለካ ዕቃ እንዳልገዛ ያስታውሰኛል» አለኝ።